ተጨማሪ መረጃ፦ ቁልቁለትና የፍሬን ሸራ

ከላስታ ደጋ ወደ ወልድያ የሚወርድ ሹፌር ፍሬን ደጋግሞ ሲረግጥ የቃጠሎ ሽታ ሊሸተው ይችላል። ለምን? 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 15 ሚሊዮን ጁል ገደማ እምቅ ጉልበት ይለቃል፤ 40 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። መኪናውን ፍሬን ብቻ ከያዘው አብዛኛው ጉልበት እዚያው ሙቀት ይሆናል። ተራ ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ይሳነዋል። የውድድር መኪና ሸራ ግለቱን ይችላል፤ ሳይሞቅ ግን በደንብ አይዝም። ስለዚህ በላሊበላ ብርዳማ ማለዳ ከቤት ለሚነሳ መኪና አይመችም። በአንድ መኪና ሥራም ውድድርም የሚሄድ ሰው ሲበርድም ሲግልም የሚይዝ መካከለኛ ሸራ ይምረጥ። የትኛውም ሸራ ቢገጠም የቁልቁለት ሕጉ አንድ ነው፤ ዳገቱን በወጡበት ከባድ ማርሽ መውረድ።