ሚና ላራሹ

የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ባደገበት ዘመን ከሲኒማ ቤት የወጡ ልጆች ተራራ ላይ ወጥተው ካውቦይና ቀይ ሕንድ ይጫወቱ እንደነበር ተናግሯል። ሁሉም ካውቦይ ነው መሆን የሚሻው፤ ቀይ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ አልነበረም። ታርዛንን ሲያዩም አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲያደቡበት፣ ተጠንቀቅ እያሉ የሚጮኹት ለታርዛን ነበር።

ልጆቹ አይፈረድባቸውም። በካውቦይ ፊልም ተመልካቹ ለማን እንደሚያደላ የሚወሰነው ተኩሱ ሳይጀመር፣ ሚና ሲደለደል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1975 የታየው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ «ገንስሞክ» 635 ክፍሎች አሉት። ማርሻሉን የተጫወተው ጄምስ አርነስ ሃያውንም ዓመት ዘልቋል፤ ሽፍታውና ከብት ሌባው ግን በየክፍሉ የሚለዋወጡ እንግዳ ተዋንያን ናቸው። ዛሬ መጥቶ ዛሬ ለሚሞት ሰው ማን ያዝናል? የቀይ ሕንዱን ሚና ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይወስደዋል። በቴሌቪዥኑ «ብሮክን አሮው» የአፓቼዎቹን አለቃ ኮቺስን የሆነው ሶርያ የተወለደው ማይክል አንሳራ ነው። በ«ሎን ሬንጀር» የታየው ጄይ ሲልቨርሂልስ በእርግጥ የሞሃውክ ተወላጅ ነበር፤ የደረሰው ሚና ግን የነጩ ጀግና ተከታይ መሆን ነው።

ኃይሌ ነገሩ በራሱ ላይ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1967 ትወና ሊማር ቺካጎ ወደሚገኘው የጉድማን ድራማ ትምህርት ቤት ሄደ፤ እዚያም የሚሰጡት የአሽከርና የታዛዥ ሚናዎች ነበሩ። ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ ፊልም መሥራት ተማረና እ.ኤ.አ. በ1974 ካሜራ ይዞ ወደ አገሩ መጣ።

ያን ዘመን ወሎዬ አይረሳውም። የ1965 እና የ66 ዓ.ም. ረሃብ ሰው ጨርሶ፣ ዙፋኑ እየተናጋ ነበር። ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ በጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት ቀረጸው። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብና የባለመሬቱ ነው፤ ከተዋንያኑ አብዛኞቹም ከዚያ በፊት ካሜራ ፊት ቆመው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ይህ ምርጫ ምን እንዳተረፈ ለማየት የእርሻውን ትዕይንት ለወሎ፣ ለወግዲ ገበሬ ማሳየት ይበቃል። ሞፈርና ቀንበር ውስጥ ያደገ ሰው አይታለልም። በሦስት ቀን ልምምድ የመጣ ተዋናይ እርፉን አንቆ ይይዛል፤ ማረሻው አንዴ ይሰምጣል፣ አንዴ ይንሳፈፋል፤ ትልሙም ይወላገዳል። አራሽ የሆነው ሰው አንድ እጁን እርፉ ላይ ጣል አድርጎ፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ፣ በሬዎቹን እያናገረ ይሄዳል፤ ትልሙ ዳር ሲደርስ እርፉን ከፍ አድርጎ ይዞራል። በሬም የለመደውን ድምፅ ነው የሚሰማው። ኃይሌ ይህን ሳይቆራርጥ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ ያሳየናል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል መፍጀቱ ብዙዎችን ያሰለቻል፤ እኔ ግን አንድም ትልም እንዲቀነስ አልፈልግም። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይቆጣል፣ ይሳደባል፤ ጭሰኛው የሚመልሰው በጀርባው ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሥራውን በመቀጠል። ያንን አጎነባበስ በድራማ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው እንዲህ አድርጎ ያሳየኛል ብዬ አላምንም።

ሌላው ዝም ባለበት የሚናገረው ከበበ ነው፤ መሬቱን ተቀምቶ ያበደ የሚባል ሰው። እዚህ ላይ ትወናው መልኩን ይለውጣል፤ ንግግሩ ረጅም ነው፣ ድምፁ ይወጣል ይወርዳል፣ በመጨረሻም ባለመሬቱን የሚገድለው እሱ ነው። ካውቦይ ፊልም ላይ ቢሆን ሽፍታ ተብሎ በማርሻሉ ጥይት የሚወድቅ ሰው ነበር። እዚህ ግን የተመልካቹ ልብ ከሱ ጋር ነው።

ፊልሙ ተቀርጾ ለሕዝብ ሳይታይ፣ ጭሰኝነትን የሻረው የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ።

ዛሬ ብዙ የአማርኛ ፊልም የገጠር ሰው ሲያስፈልገው የከተማ ተዋናይ ጋቢ አልብሶ፣ አነጋገሩን አጣምሞ ለሳቅ ያቀርበዋል። ይህ ያሳዝነኛል። መካነ ሰላም ገበያ አንድ ቀን ውሎ የሚመለከት ዳይሬክተር በሬ ሲሸጥ ዋጋ እስኪቆረጥ ፊቱን የማያስነብብ ገበሬ፣ ለእርቅ የተጠራ ሽማግሌ፣ የባሏን ክርክር በአንድ ቃል የምትዘጋ ሴት ያገኛል። ልምምድ ይፈልጋሉ፤ የካሜራውን ጠባይ የሚያስረዳቸው ሰውም ይፈልጋሉ። የውሎ አበልም እንደማንኛውም ተዋናይ ሊከፈላቸው ይገባል።