ከማጅራት ስለሚነሣ ራስ ምታትና በእንቅስቃሴ ስለሚታከምበት መንገድ

ራስ ምታት ያልቀመሰው ሰው አይገኝም። አንዱ ፀሐይ መታኝ ይላል፤ ሌላው ቡናዬን ሳልጠጣ ዋልሁ ይላል፤ ሦስተኛው እንቅልፍ አጣሁ ይላል። እንዲህ ያለው ሕመም በጥላ፣ በውሃና በዕረፍት ይለቃል። ነገር ግን ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ የማይለቅ፣ ከማጅራት ተነሥቶ ወደ ራስ ቅል የሚወጣ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዓይን የሚደርስና አንገት ሲዞር የሚብስ ሌላ ዓይነት ሕመም አለ። በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ይህ ሕመም በክኒን ሲሸነገል እንጂ ሲታከም ብዙ ጊዜ ስለማናይ፣ የዚህን ወር ጽሑፋችንን ለእርሱ ሰጥተናል።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። በአንድ የጤና ተቋም በምናገለግልበት ጊዜ አንድ መምህር ወደ እኛ መጡ። ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ይውላሉ፤ ማታ የተማሪዎቻቸውን ደብተር በጭናቸው ላይ አድርገው፣ አቀርቅረው ያርማሉ። ማጅራታቸውንና ራሳቸውን ከታመሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። እኛም የደም ግፊታቸውን ለካን፤ ደማቸውን ለወባ መረመርን፤ ምንም ባናገኝ ጊዜ የሕመም ማስታገሻ ሰጥተን ሸኘናቸው። በሦስተኛው ወር ሲመለሱ ሕመሙ ብሶ፣ ክኒኑም በቀን ሦስት ጊዜ ሆኖ አገኘነው። አንገታቸውን በእጃችን አልዳሰስንም ነበር፤ እንዴት እንደሚቀመጡም አልጠየቅንም ነበር።

የአንገት ሕመም ራስን እንዴት ያሳምማል?

የአንገት አጥንቶች ሰባት ናቸው። በእነርሱ ላይ የተቀመጠው የአዋቂ ሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ራስ በትክክል ሲቆም አንገት ይህን ሸክም ያለ ችግር ይችለዋል። ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን ክብደቱ ይበዛበታል። ኬኔት ሐንስራጅ የተባሉ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ራስ 15 ዲግሪ ሲያዘነብል በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ኪሎ ግራም፣ 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ደግሞ ወደ 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ደብተር የሚያርም መምህር፣ በመኪናው ላይ ያጎነበሰ ልብስ ሰፊ፣ ስልኩን ሲመለከት የሚያመሽ ወጣት ሁሉ ይህን ሸክም ሳያውቀው ተሸክሟል። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ረጅም መንገድ የምትሄድ እናት ደግሞ 20 ኪሎ ግራም ውሃ ተጭኖባት አንገቷን ወደ ፊት ማስገግ ግድ ይሆንባታል።

ከላይኞቹ ሦስት የአንገት ነርቮች የሚመጣው ስሜት ከግንባርና ከፊት ከሚመጣው ስሜት ጋር በአንጎል ግንድ አካባቢ በአንድ ስፍራ ይገናኛል። ስለዚህ አንጎል የሕመሙን ምንጭ ለይቶ ማወቅ ይሳነውና በማጅራት የተነሣውን ሕመም በግንባርና በዓይን አጠገብ እንዳለ አድርጎ ይቈጥረዋል። ታማሚው ግንባሩን በሻሽ ሲያስር ሕመሙ ያለው ከበስተኋላው ነው።

የጡንቻዎችን ነገር ለመረዳት በዱብሉቅና በሌሎችም የቦረና ስፍራዎች ያሉትን ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ማሰብ ይበቃል። እዚያ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ሁሉም በየደረጃው ከቆመ ሥራው ይሰምራል። ከመካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰው ቢጎድል ግን የቀሩት ከዐቅማቸው በላይ እየተንጠራሩ ቶሎ ይደክማሉ። በአንገት ውስጥም ከአጥንቱ አጠገብ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ሲሰንፉ፣ በላይ ያሉት የትከሻና የማጅራት ጡንቻዎች የእነርሱን ሥራ ደርበው ይሠራሉ፤ ይጠነክራሉ፤ ይቈጣሉ። እንግዲህ ሕክምናው የሰነፉትን ወደ ቦታቸው መመለስ ነው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የአደጋ ምልክት

የማጅራት ሕመም ሁሉ በእንቅስቃሴ አይታከምም። ትኵሳት ካለ፣ አንገትም ደርቆ አገጭ ደረትን ለመንካት ካልቻለ፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይባክን ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። በቆላ አገር ትኵሳት ያለው ራስ ምታት ለወባ መመርመር አለበት። እንዲሁም በድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛልና መደንዘዝ፣ የንግግር መኰላተፍ፣ ሌሊት ከሚያልብ ላብና ከክሳት ጋር የሚመጣ የአንገት ሕመም፣ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ እንደ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት፣ በነፍሰ ጡርም ላይ ከዓይን መደብዘዝ ጋር የሚታይ ራስ ምታት ወዲያውኑ በሐኪም መታየት አለባቸው።

ስለ ክኒንና ስለ ልማድ ሕክምና

ፓራሲታሞልን፣ አይቡፕሮፌንን ወይም ዲክሎፌናክን አልፎ አልፎ መውሰድ ነውር የለበትም። ነገር ግን የራስ ምታት ያለበት ሰው ከሦስት ወር በላይ፣ በየወሩ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ ሲወስድ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ታማሚው ስላመመው ይውጣል፤ ስለዋጠም ያመዋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲዘወተሩ ደግሞ ጨጓራን ያቈስላሉ፤ ኵላሊትንም ይጎዳሉ። የመምህራችን ሕመም የባሰበት አንዱ ምክንያት እኛ የሰጠናቸው ክኒን ነበር።

ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያ ነው። ይሁን እንጂ አንገትን ይዞ በኀይል ማዞር ወደ አንጎል የሚወጣውን የደም ሥር ሊሰነጥቅና ሰውን ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወር የዋግምት ምላጭም የጉበት በሽታንና ኤች.አይ.ቪ.ን ያስተላልፋል።

ሕክምናው

እ.ኤ.አ. በ2002 ግዌንዶለን ጃል የተባሉ አውስትራሊያዊት የፊዚዮቴራፒ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ከአንገት የሚነሣ ራስ ምታት ባለባቸው 200 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። በሠለጠነ እጅ የታከሙትም ሆኑ ለአንገትና ለትከሻ የተለየ እንቅስቃሴ የሠሩት፣ ምንም ካልተደረገላቸው ይልቅ ሕመማቸው ቀነሰ። ሕክምናው ስድስት ሳምንት ብቻ ሲሆን ጥቅሙ ከ12 ወር በኋላም አልጠፋም። በአገራችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ይሠለጥናሉ፤ ባለሙያ የሚገኝበት ሰው ወደዚያው ይሂድ። ባለሙያ የራቀበት ሰው ደግሞ ከላይ የተነገሩት የአደጋ ምልክቶች እንደሌሉበት በጤና ጣቢያ ከተረጋገጠለት በኋላ የሚከተሉትን በቀን ሁለት ጊዜ ይሥራ።

አንደኛ፤ በጀርባ ተንጋሎ፣ ራስን ከመኝታው ሳያነሡ፣ እሺ እንደማለት አገጭን በቀስታ ወደ ጉሮሮ ማቅረብና እስከ 10 ቈጥሮ መልቀቅ፤ ይህንም 10 ጊዜ መደጋገም።

ሁለተኛ፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይመለከቱ፣ አገጭን በቀጥታ ወደ ኋላ መሳብ፤ እስከ 5 ቈጥሮ መልቀቅ፤ 10 ጊዜ።

ሦስተኛ፤ ትከሻን ሳያነሡ ሁለቱን የትከሻ ብራኳዎች ወደ ኋላ ማቀራረብ፤ እስከ 10 ቈጥሮ መልቀቅ፤ 10 ጊዜ።

አራተኛ፤ መዳፍን በግንባር፣ ቀጥሎም በጆሮ ግንድ በኩል በየተራ አድርጎ በጥቂቱ መግፋት፤ ራስም ሳይነቃነቅ ይመክት።

ከመጀመር በፊት ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሮና ጨምቆ ለ15 ደቂቃ በማጅራት ላይ ማኖር ጡንቻን ያላላል፤ ቆዳን እንዳያቃጥል ግን ይጠንቀቁ። ማዞር፣ መደንዘዝ ወይም ወደ እጅ የሚወርድ ሕመም ከመጣ ሥራውን አቁሞ ሐኪም መጠየቅ ነው።

አኗኗርም አብሮ ካልታረመ እንቅስቃሴው ብቻውን አይበቃም። ደብተር የሚታረመው በጭን ላይ ሳይሆን በጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ መጻሕፍት ተደርድረው ከፍ ብሎ ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ መንጠራራት ያስፈልጋል። ስልክ ወደ ዓይን ይምጣ እንጂ ዓይን ወደ ስልክ አይውረድ። ከፍ ያለ ትራስና በርኩማ አንገትን ሌሊቱን ሙሉ አጣሞ ስለሚያሳድር ትራስ ዝቅ ይበል። ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ ቢቻል በአህያ ወይም በጋሪ ትጫን፤ ካልተቻለም አንዱን ትልቅ ጀሪካን በሁለት ትናንሽ ከፍላ ሸክሙን ታመጣጥን። ይህ ምክር ግን ባልና ወንድ ልጅ ተራ ካልገቡላት ለእርሷ ሌላ ሸክም ነው።

እነዚያ መምህር በሁለተኛው ምጣታቸው አንገታቸውን ዳስሰን ይህንኑ አስተማርናቸው፤ ክኒኑንም በእኛ ክትትል ተዉ። የመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታቱ በርትቶባቸው ሊያማርሩን መጥተው ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ግን በወር ሁለት ቀን ብቻ የሚያማቸው ሆኑ። ዛሬ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ተማሪዎቻቸውን አስነሥተው አገጭና ትከሻ ያሠራሉ።

ክቡራን መምህራንና አንባቢዎች ሆይ! ይህ ሕክምና ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ክኒን በግማሽ ሰዓት፣ እንቅስቃሴ በስድስት ሳምንት መሥራቱ እውነት ነው፤ ክኒኑ ግን ማታ ሲያልቅ፣ በስድስት ሳምንት የበረታ አንገት ጠዋትም ሸክሙን ይችላል። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሁሉ ላላነበበው ጎረቤቱ፣ ይልቁንም ከውሃ መንገድ ግንባሯን አስራ ለምትመለሰው እናት፣ በቃል እንዲያስተምርልን አደራ እንላለን።