ደሙ የት ይሄዳል?

የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ከሚወስዱ ሴቶች ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ የወር አበባቸው ይቆማል። በጎጃም፣ ጎዛምን ይሁን ማቻከል፣ ስናን ይሁን አዋበል፣ ከጤና ኬላው በር ላይ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፦ «በየወሩ ይወጣ የነበረው ደም አሁን የት ይሄዳል?» ጎረቤት መልሱን ቀድማ ሰጥታለች። ይጠራቀማል፣ ራስ ላይ ይወጣል፣ ዓይን ያፈዛል፣ ሆድ ውስጥ ረግቶ ዕጢ ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ምንም አይደለም፣ የተለመደ ነው» ብላ ካለፈቻት የጎረቤት መልስ ያሸንፋል። የተሳሳተ ቢሆንም፣ ቢያንስ መልስ ነው።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ማህፀን ሲያርፍ የጭብጥ ያህል ነው። የውስጥ ግድግዳው በየወሩ በሆርሞን እየታዘዘ ይወፍራል፣ በደም ሥር ይሞላል፤ ፅንስ ካልመጣ ሆርሞኑ ይወርድና ያ ሽፋን ተፈርፍሮ ከደም ጋር ይወጣል። የወር አበባ ማለት ይኸው ነው። ቆሻሻ ደም ወይም መርዝ አይደለም። በነዚያ ቀናት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ሆኖ ማስቀደስ የሃይማኖት ሥርዓት ነው፣ ለሥርዓቱም ባለቤት አለው፤ ስለ ደሙ ጤንነት የተሰጠ የሐኪም ምስክርነት ግን አይደለም። ብዛቱም ቢሆን በዓይን እንደሚታየው አይደለም። በአንድ ወር የሚፈሰው በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል።

መርፌው የዘር እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ የማህፀኑንም ሽፋን ስስ አድርጎ ያቆየዋል። ያልወፈረ ሽፋን የሚፈርስ ነገር የለውም። ስለዚህ ደሙ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያውኑ አልተዘጋጀም። ይህን የሚጠራጠር ካለ አያቶቹን ይቁጠር። ሰባትና ስምንት የወለደች የጎጃም ባላገር ዘጠኝ ወር ታረግዛለች፣ ሁለት ዓመት ታጠባለች፣ ደግሞ ታረግዛለች። ከወጣትነት ዕድሜዋ አብዛኛውን ያለወር አበባ ነው የምታሳልፈው። ያ ሁሉ ደም የት ሄደ ብሎ የተጨነቀላት ሰው አልነበረም።

ምንም መከላከያ ሳትወስድ የወር አበባዋ የቀረ ሴት ግን ትመርመር፤ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ከመርፌም በኋላ ከመቆም ይልቅ ያለማቋረጥ ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት ቤት መቀመጥ የለባትም።

በዚህ አካባቢ የሚወሩትን ነገሮች አንድ በአንድ ስመለከት፣ ከአብዛኞቹ በስተኋላ ሰዎች በትክክል ያዩት ነገር አለ። የሳቱት ምክንያቱን ነው። «ሴት ልጅ የወር አበባ የምታየው ወንድ ስታውቅ ነው» የሚለውን እንውሰድ። በደጋው ልጅ በ10ና በ12 ዓመቷ ትዳር ነበር። ምግቡ ሳሳ ያለ፣ ሥራው የከበደ ስለነበር የወር አበባዋ ይዘገይ ነበር። መጀመሪያ ሠርግ፣ ቀጥሎ ደም፤ ታዲያ ሠርጉ ደሙን አመጣው ቢባል ማን ይፈርዳል? የወር አበባን የሚያስጀምረው ግን ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ የምትልከው ሆርሞን ነው፤ ወንድ ኖረ አልኖረ ጉዳይዋ አይደለም። ይህ ወሬ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ልጅቷ ሳታይ መዳሯን ነውር ከመሆን አድኖታል፤ ትምህርት ቤት ሳለች ያየችውንም «ከማን ጋር?» ብሎ አስጠይቋታል።

«አይታለች፣ ደርሳለች» የሚለውም እንዲሁ ነው። የወር አበባ ሲጀምር የዳሌ አጥንት እድገቱን አልጨረሰም፤ ገና ዓመታት ይቀሩታል። ምጡ ለቀናት ታግቶ ፊስቱላ ይዟቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ወደተከፈተው የባሕር ዳር ሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ከሄዱት መካከል በልጅነታቸው የተዳሩ አሉ። ሕጉ 18 ዓመት ያለው በከንቱ አይደለም።

የሠርግ ሌሊት ነገር ከተነሳ ብር አምባርም አለ። ድንግልና የሚባለው ስስ ሽፋን እንደ ክዳን የተደፈነ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ የወር አበባ በየት ይወጣ ነበር? አንዳንዷ ስትፈጠርም የላትም ማለት ይቻላል፣ አንዳንዷ ሲለጠጥ አይደማም። በነጭ ጨርቅ ላይ ደም ባለመታየቱ የተመለሰች ሙሽራ በምንም የሕክምና ማስረጃ አልተፈረደባትም።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራ። «የወር አበባ እንዳለቀ ማህፀን ክፍት ነው፣ የሚረገዘው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይዘጋል» ይባላል። ማህፀን በር አለው፣ ግን እንደ ጎተራ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰሞን የለውም። የሚወስነው እንቁላሉ የሚለቀቅበት ቀን ነው፤ እሱም የሚቆጠረው ካለፈው ሳይሆን ከሚመጣው የወር አበባ ወደ ኋላ ነው፣ 14 ቀን ገደማ። እንቁላሉ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ የወንዱ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ይጠብቀዋል።

በባታ፣ ወሩ በገባ በ3፣ የወር አበባዋን ያየች ሴት ዙሯ 28 ቀን ከሆነ ቀጣዩን የምታየው በሚመጣው ወር ልደታ ነው። ከዚያ 14 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር እስጢፋኖስ ላይ ያርፋል። የምታረግዝበት ጊዜ እንግዲህ ከሚካኤል እስከ እስጢፋኖስ ማግሥት ነው። ጎረቤቷም በባታ አይታ ዙሯ 34 ቀን ቢሆን እንቁላሏ የሚለቀቀው በጊዮርጊስ ነው። ዙሯ 24 ቀን የሆነችው ደግሞ ደሙ ሳይቆም የገባ ዘር ሊያስረግዛት ይችላል። ጭንቀት፣ ሕመም፣ ረዥም መንገድ ዙሩን ስለሚያዛባው ቆጠራ ብቻውን ለብዙዎች የሚያስተማምን አይደለም፤ የአንዷን ቀን ለሌላዋ ማዋስማ ጨርሶ አይሆንም።

«ጡት እያጠባሁ አላረግዝም» ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ቀንና ሌሊት ከጡት በቀር ምንም ካልቀመሰ፣ የወር አበባዋም ካልተመለሰ ማጥባት ከ100 ሴቶች 98ቱን ይከላከላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነገሩ ይለወጣል። እንቁላሉ ከመጀመሪያው ደም በፊት ስለሚለቀቅ ወር አበባዋን አንድም ቀን ሳታይ በላዩ የምታረግዝ እናት አለች። አብሹም፣ ውኃውም፣ የላም ወተቱም «ከጡት በቀር» ከሚለው ውጭ ናቸው።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ባለትዳር ሴቶች ከ100 ውስጥ 8 ብቻ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት 36 ደረሱ፤ በአማራ ክልል 47። አብዛኞቹ ይወስዱ የነበረው መርፌ ነበር፣ ቀጥሎ በክንድ የሚቀበረው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በክንድ ከሚቀበሩት አንዱ የሆነውን ኢምፕላኖንን በየቀበሌው ማስገባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ስለሚቀበረው የሚወራው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ወደ ልብ ይሄዳል፣ እንስራ ያዘለችና አረም የምታርም ሴት አይሆንላትም የሚለው ነው። ኢምፕላኖን 4 ሳንቲ ሜትር የሆነች ለስላሳ ዘንግ ናት፤ ከቆዳ ሥር ስለምትቀመጥ በጣት ትዳሰሳለች። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን መጠንቀቅ ነው እንጂ ከዚያ ወዲያ ሥራ አይከለክልም። ሁለተኛው «አንዴ ከገባ አይወጣም» የሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ወቀሳውን ለባላገሯ ብቻ መስጠት አይገባም። ማስገባቱ ጤና ኬላ ሲወርድ ማውጣቱ በብዙ ቦታ ጤና ጣቢያ ቀርቷል፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ደርሳም «ሦስት ዓመቱ አልሞላም፣ ታገሺ» ተብላ የተመለሰች ሴት ሰፈሯ ስትገባ የምታወራውን ማንም ሊያስተባብል አይችልም። ሴትየዋ በፈለገች ቀን ልታስወጣው መብቷ ነው፣ ምክንያት ማቅረብም አይጠበቅባትም።

«መርፌ ማህፀን ያደርቃል» ከሚለውም ጀርባ የታየ ነገር አለ። መርፌው ከቆመ በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ 9 ወይም 10 ወር ይፈጃል። አማት ደግሞ በሦስተኛው ወር መጠየቅ ትጀምራለች። የዘገየው መካንነት አይደለም፤ መዘግየቱን አስቀድሞ የነገራት ሰው ግን አልነበረም። ቶሎ ለመውለድ የምታስብ ሴት መርፌውን ትታ ክኒን፣ ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረውን ብትመርጥ መከላከያውን ከተወች ብዙም ሳይቆይ ማርገዝ ትችላለች። በደብረ ማርቆስ ተማሪዎች ዘንድ የሚታወቀው የድንገተኛ መከላከያ ክኒን፣ ፖስትፒልም ማህፀን አያደርቅም፣ የተፀነሰም አያስወርድም፤ የእንቁላሉን መለቀቅ ያዘገያል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚበጀው። ከኤችአይቪ ግን አይከላከልም፤ ለእሱ ኮንዶም ነው።

ሴት ልጅ ብቻ ወለደች ተብላ የምትወቀሰዋም ጥፋት የላትም። የልጁን ፆታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው።

ወንዶቹ ዘንድ የቀረው አንድ ወሬ አለ፦ የወንድ ቀዶ ጥገና እንደ በሬ መኮላሸት ነው የሚል። የሚቋጠረው ዘር የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። ቆለጡ አይነካም፣ የወንድነት ሆርሞኑም እንደ ድሮው ወደ ደም ይገባል፤ ጉልበቱም ፍላጎቱም ባለበት ይቆያል። ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ ግን ለ3 ወር ያህል፣ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ባልና ሚስቱ ሌላ መከላከያ መጠቀም አለባቸው።