አንድ ግድብ፣ አራት ቁጥሮች፤ የሳይንስ ጽሑፍ ምንጩን ለምን ይጠቅሳል?

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እናንሣ። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ ወረዳ፣ በዓባይ ወንዝ ላይ የተገነባው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኃይል የማመንጨት አቅም ስንት ነው? ይህንኑ ጥያቄ ለተማሪዎቻችን የሴሚናር ርእስ አድርገን በሰጠን ጊዜ አራት የተለያዩ መልሶች ደረሱን። አንዱ 5,250 ሜጋ ዋት አለ፤ ሌላው 6,000፤ ሦስተኛው 6,450፤ አራተኛው ደግሞ 5,150። ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው የጻፈ ግን አንድም አልነበረም።

አራቱ ተማሪዎች ቁጥሩን ከራሳቸው አልፈጠሩትም። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል ዕቅዱ እያንዳንዳቸው 350 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 15 ተርባይኖችን የያዘ ነበር፤ ሲባዛ 5,250 ይሆናል። ቀጥሎ ዕቅዱ ወደ 16 ባለ 375 ሜጋ ዋት ተርባይኖች ተለወጠ፤ ይህም 6,000 ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አቅሙ ወደ 6,450 ከፍ እንደሚል ተገለጸ። በኋላ የተርባይኖቹ ቁጥር ወደ 13 ዝቅ በማለቱ፣ 11ዱ ባለ 400፣ 2ቱ ባለ 375 ሆነው ድምሩ 5,150 መጣ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው በዚህ አቅም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ዘመን እውነት ነበር። ምንጩና ዘመኑ ሳይጠቀስ ብቻውን ሲቆም ግን አንባቢን ከማሳሳት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ዘመንን በትክክል መጻፍ

ጠንቃቃው አንባቢ ከላይ አንድ ወጥመድ ሳያስተውል አልቀረም። 6,450 የተባለው በ2017 ነው፤ 5,150 የተባለውም በ2017 ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሁለተኛው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት ያህል አለ። አንድ ተማሪ በዋቢ ዝርዝሩ «2017» ብሎ ብቻ ቢጽፍ አንባቢው የትኛውን ቁጥር ያምናል? በሁለት ዘመን አቆጣጠር የምንኖር በመሆናችን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ምልክት መተው ለእኛ ከሌሎች ይልቅ የከፋ ስሕተት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንለውጥም ከመስከረም መግቢያ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ስምንት ዓመት መሆኑን ልናስታውስ ይገባል።

ጽሑፉን የጻፈው ልጅ ነው ወይስ አባት?

ሁለተኛው ችግር የስም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚጻፈው የአባታችን የራሱ ስም ነው። የውጭ አገር መጽሔቶች ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማት ከተሰጣቸው ሳይንቲስቶች አንዱ የሆኑት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር ውስጥ «በቀለ፣ ሙ.» ሆነው ይሰለፋሉ። እኛም ውጭ አገር ሳለን የመጀመሪያ ጽሑፋችን ታትሞ ሲወጣ የዋቢው ዝርዝር የአባታችንን ስም አስቀድሞ የእኛን በአንድ ፊደል ብቻ አስከትሎት አገኘነው። ፊደል ያልቆጠሩት አባታችን የፊዚክስ ደራሲ በመሆናቸው ደስ ቢለንም፣ ሥራችንን በስማችን የሚፈልግ ሰው እንደማያገኘን ተገነዘብን።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በአገራችን ለሚታተም ጽሑፍ የኢትዮጵያዊውን ደራሲ ስም ሳንገለብጥ፣ ከራሱ ስም ጀምረን ከነአባቱ ሙሉውን እንጻፍ። በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካም ኢትዮጵያውያን ደራስያንን በራሳቸው ስም ነው የሚደረድራቸው። ለውጭ መጽሔት ስንጽፍ የመጽሔቱን ደንብ ማክበር ግድ ይላል፤ ያን ጊዜም አንድ የስም አጻጻፍ መርጠን እስከ መጨረሻው በእርሱ እንጽና። ዛሬ በአባት፣ ነገ በአያት ስም የሚጽፍ ተመራማሪ ሥራው የሁለት ሰዎች መስሎ ይበተናል።

የቦታ ስምም ይለዋወጣል

የቤንሻንጉልን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ የአሌሳንድሮ ትሪዩልዚን በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ ማንበቡ አይቀርም። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ርእስ ላይ የአካባቢው ስም «ቤላ ሻንጉል» ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ በዛሬው አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ሊያልፈው ይችላል። አሶሳም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በአንድ፣ ሌላ ጊዜ በሁለት «ኤስ» ትጻፋለች። ግድቡ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «የሚሌኒየም ግድብ» ይባል ነበር። ስለዚህ በምንፈልግበት ጊዜ ሁሉንም አጻጻፍ እንሞክር፤ በምንጠቅስበት ጊዜ ግን ርእሱን በሽፋኑ ላይ እንዳለ እንገልብጥ። የሌላውን ሰው ርእስ ማረም የእኛ ሥልጣን አይደለም።

ምን ምን ይጻፍ?

የአጠቃቀስ ሥርዓቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ የደራሲውን ስምና ዓመቱን በቅንፍ ያስገባሉ፤ ሌሎቹ፣ በተለይ በፊዚክስና በሕክምና፣ ተራ ቁጥር ሰጥተው ዝርዝሩን በመጨረሻ ያስቀምጣሉ። የትኛውም ቢመረጥ የሚጠየቁት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው፤ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ርእሱ ምንድን ነው፣ ማን የት አሳተመው፣ ከየትኛው ገጽ ተወሰደ? ከኢንተርኔት ከተገኘ አድራሻውና ያነበብንበት ቀን ይጨመራል። ቃል በቃል የተወሰደ ዐረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል። በራሳችን ቃል የጻፍነውም ቢሆን ሐሳቡ የሌላ ሰው ከሆነ ምንጩ ሊጠቀስ ይገባል። አንድ ሥርዓት ከተጀመረ በኋላም በመሀል መለወጥ አይገባም።

በክልሉ ደግሞ አብዛኛው ዕውቀት በመጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ስለ ቀርከሃ አቆራረጥ ወይም ስለ ባህላዊ የወርቅ አወጣጥ የሚያውቁት የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው። ተማሪው ከእነርሱ የሰማውን «ይባላል» ብሎ ካለፈው፣ ከመጽሐፍ ሰርቆ ከጻፈው የሚለይበት ምክንያት አይታየንም። ፈቃዳቸውን ጠይቆ ስማቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን መመዝገብ ለፕሮፌሰር ከሚሰጠው ክብር የማያንስ ክብር መስጠት ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ካልፈለጉም ይህንኑ ገልጾ ቦታውንና ቀኑን ብቻ ማስፈር ይቻላል።

ከላይ የጠቀስናቸውን አራት የሴሚናር ጽሑፎች ያለ ውጤት መለስናቸው። ቅጣት ግን አልነበረም፤ አራቱ ተማሪዎች በአንድነት ተቀምጠው ለየቁጥራቸው ምንጩንና ዘመኑን ፈልገው እንዲመጡ ነበር የጠየቅነው። ከሳምንት በኋላ ይዘውት የመጡት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ከአራቱም ጽሑፎች ይልቅ ስለ ግድቡ ብዙ አስተማረን፤ ዕቅዱ በየጊዜው እንዴት እንደ ተለወጠ በግልጽ ያሳይ ነበርና። በሳይንስ ውስጥ ሌላው ሰው ተከትሎት ሊመረምረው የማይችል ቁጥር ወሬ ነው። ምንጩ ሲጻፍለት ግን ሌላው እንዲፈትነው፣ ስሕተትም ካለው እንዲያርመው መንገዱ ይከፈታል። እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ብዕራችሁን ስታነሡ ከየት እንዳገኛችሁት አስቀድማችሁ መዝግቡ፤ በመጨረሻው ሌሊት የሚፈለግ ዋቢ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።