ስለ አሮጌ የውኃ መሳቢያ ሞቶር ምርመራ

ሞቶር በቆመ ጊዜ ወዲያው አርጅቷልና ይጣል ማለት ሳይመረምሩ እንደ መፍረድ ነው። በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ በመስኖ ለሚያለማ ገበሬ ሞቶሩ የቆመበት ሳምንት ሽንኩርቱ የሚደርቅበት ሳምንት ነው።

አስቀድሞ የአገሩን ከፍታ ማሰብ ይገባል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚያ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የቤንዚን ሞቶር ኀይሉ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ቤንዚኑም ከአየሩ ይበዛና ካንዴላውን በጥላሸት ያጠቁረዋል። እንዲህ ቢሆን ካንዴላውን መጥረግና ካርቡራቶሩን ማስተካከል ከመግዛት ይቀድማል።

ሁለተኛም ውኃውን ወደ መሳቢያው የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ዳርቻ እስከ 10 ሜትር የሚያወጣው አየር በዚህ ከፍታ ከ7 ሜትር ተኩል አያልፍም፤ በሥራ ላይም ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ስለዚህ ሞቶሩ እየዞረ ውኃ ቢጠፋ መሳቢያውን ወደ ወንዙ ማቅረብ፣ የመምጠጫውንም ቱቦ ስንጥቅ መፈለግ ነው።

ዕቃው በእውነት ተሰብሮ እንደ ሆነ ግን ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ መርካቶ የሚላከው ሰው በሞቶሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን ስምና ቁጥር ጽፎ፣ የተሰበረውንም ዕቃ ይዞ ይሂድ። በግምት የተገዛ መለዋወጫ ሁለት ጊዜ መንገድ ያስኬዳል፤ አዝመራው ግን እስኪመለሱ አይጠብቅም።