ከሩጫ ሜዳ ወደ ሳሎን፦ ለጡረተኛው ግሬይሀውንድ ቤት ሲፈለግ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ግሬይሀውንድ የሚባለው ቀጭንና እግረ ረጅም ውሻ ግን አዲስ ቤት ገብቶ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ ለሳምንታት ድምፁ ላይሰማ ይችላል። ጥግ ይይዛል፤ ሲዳብሱት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲጠሩት ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል። ይህ ቁጥብነት ከየት መጣ? እንዲህ ላለው ውሻስ አሳዳጊ ቤተሰብ የሚገኘው እንዴት ነው?

ግሬይሀውንድ ጥንታዊ የአደን ውሻ ነው። አደኑን የሚከተለው እንደ ብዙዎቹ አዳኝ ውሾች በማሽተት ሳይሆን በማየት ነው፤ የሚሮጥ ነገር ካየ ይከተላል። ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ጠባይ በመመልከት በሐዲድ ላይ በሞተር የሚነዳ ሰው ሠራሽ ጥንቸል ሠራ። በዚህ መሣሪያ የሚጠቀመው የውድድር ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1919 በካሊፎርኒያ፣ ኤመሪቪል ተከፈተ። በ1926 ደግሞ ውድድሩ በእንግሊዝ፣ በማንቸስተር ከተማ ተጀመረ።

የተወዳዳሪው የሩጫ ዘመን አጭር ነው። ብዙዎቹ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ጡረታ ይወጣሉ፤ በጤና ከኖሩ ግን 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ስለዚህ የሕይወታቸው ትልቁ ክፍል ከሩጫ በኋላ ያለው ነው። ለእነዚህ ውሾች ቤት የሚያፈላልግ የበጎ አድራጎት ድርጅት በብሪታንያ በ1975 ተቋቋመ። ሥራው ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል በ2018 በማካው ታየ፤ የከተማው መሮጫ ሲዘጋ ከ500 በላይ ግሬይሀውንዶች ቤት አልባ ሆኑ። ለብዙዎቹ አሳዳጊ የተገኘው ባሕር ማዶ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ነበር። በዚያው ዓመት የፍሎሪዳ መራጮች ውድድሩ እስከ 2020 መጨረሻ እንዲቆም በድምፃቸው ወሰኑ፤ እዚያም አሳዳጊ የሚያስፈልጋቸው ውሾች በዙ።

አሁን ወደ ጠባዩ እንምጣ። ተወዳዳሪ ውሻ የሚያድገው በሰው ቤት ሳይሆን በማሠልጠኛ ግቢ ነው። ምግቡ፣ ልምምዱና ዕረፍቱ በሰዓት የተወሰነ ነው፤ ከጎኑም ዘወትር መሰሎቹ አሉ። ደረጃ፣ መስታወት፣ ቴሌቪዥን፣ የሚያብረቀርቅ ወለል አያውቅም። የመስታወት በር ክፍት መስሎት ሊጋጭ ስለሚችል፣ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች በበሩ ላይ በዓይኑ ትክክል ወረቀት ይለጥፋሉ። ደረጃ ሲገጥመው ደግሞ ደርቆ ይቀራል። ያን ጊዜ አንዱ ሰው ከኋላ ይደግፈዋል፤ ሌላው የፊት እግሮቹን ተራ በተራ አንሥቶ ከደረጃው ላይ ያኖርለታል። ቁጥብነቱም የእንግዳ ቁጥብነት ነው፤ የቤቱን ሥርዓት ገና አልለመደም።

ሰውነቱም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አካል ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቆዳውም ስስ ነው። ስለዚህ ለብርድ ልብስ፣ ለመኝታ ወፍራም ፍራሽ ያስፈልገዋል። ራሱ ከአንገቱ ስለሚጠብ ተራ የአንገት ማሰሪያ ሾልኮ ይወልቃል፤ ሲጎተት የሚጠብቅ ሰፊ ማሰሪያ ይደረግለታል። አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጡ፣ ሐኪሙ ዝርያውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ዕድሜው ደግሞ ከጆሮው ይነበባል። በአሜሪካ የተመዘገበ ተወዳዳሪ በቀኝ ጆሮው ውስጥ ንቅሳት አለው፤ «103ሲ» የሚል ከሆነ 10 የተወለደበት ወር፣ 3 የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ «ሲ» ደግሞ አብረውት ከተወለዱት ቡችሎች ይለየዋል።

ቤት ፈላጊው ድርጅት ይህን ሁሉ ይዞ አሳዳጊዎችን ይጠይቃል። ግቢው አጥር አለው? ድመት አለ? ሕፃናት አሉ? ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? የሚሮጥ ነገር ካየ ጥሪ ስለማይሰማ፣ ከአጥር ውጭ ያለ ገመድ አይለቀቅም። ድመት ላለበት ቤት ከመሰጠቱ በፊትም ከድመት ጋር ተገናኝቶ ጠባዩ ይታያል። ዓይናፋሩን ውሻ አስቀድሞ በጊዜያዊ አሳዳጊ ቤት ማቆየት ይረዳል፤ እዚያ የታየው እውነት ሳይሸሸግ ለቤተሰቡ ይነገራል። «ፍቅር ካለ ይለምዳል» ብሎ ለጫጫታ ቤት መስጠት ውሻውንም ቤተሰቡንም መጉዳት ነው። አንድ ጸጥተኛ ጡረተኛ ሰው ወይም ሌላ ረጋ ያለ ውሻ ያለበት ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ለተረካቢው የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፦ ለመረጋጋት ሦስት ቀን፣ ሥርዓቱን ለመልመድ ሦስት ሳምንት፣ ቤቱን የራሱ ለማድረግ ሦስት ወር። ይህ ሕግ ሳይሆን መነሻ ነው፤ ለቁጥቡ ውሻ ከዚህም ሊረዝም ይችላል። ዓይን ዓይኑን አትዩት፤ ከላይ አታጎንብሱበት። ጎን ሰጥታችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የሥጋ ቁራጭ ከአጠገባችሁ አኑሩና እስኪመጣ ጠብቁ። ዓይኑን ከፍቶ ሊተኛ ስለሚችል፣ ከመንካታችሁ በፊት በስሙ ጥሩት።

አንድ ቀን ሳሎን ስትገቡ በጀርባው ተገልብጦ፣ አራት እግሮቹን ሽቅብ ሰቅሎ፣ አንገቱን አጣሞ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በዚህ ዓይነት የሚተኛ ውሻ ሆዱን ያለ መከላከያ የተወ ውሻ ነው። ያን ጊዜ ለድርጅቱ ደውሎ «ለመደ» ማለት ይቻላል።