ያውቁ ኖሯል? የጥንቱ ኮምፒውተር አምፑሎች

እ.ኤ.አ. በ1964 አይቢኤም ሲስተም/360 የተባለውን ኮምፒውተር ይፋ አደረገ። ፊቱ በጥቃቅን አምፑሎች የተሞላ ነበር፤ የበራው 1፣ የጠፋው 0። ማሽኑ ቀጥ ሲል መሐንዲሱ ምን ላይ እንደቆመ ከመብራቶቹ ያነባል። አንድ አምፑል ከተቃጠለ ግን 1 የነበረው 0 መስሎ ይነበባል፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚያበራ የመፈተሻ ቁልፍ የተሠራውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ፓነል የሚያድስ ሰው ዋና ራስ ምታቱ አምፑሉ ነው። ያልሞቀ የተንግስተን ክር ከጋለው አሥር እጥፍ ያህል ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ያረጀ አምፑል ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ገና ሲበራ ነው። (መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፑል የተቃጠለበት ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም።) በአንዳንድ ማሽኖች ታዲያ አምፑሉ ጠፍቶም ክሩ ለብ ብሎ እንዲቆይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል።

ብዙዎች አምፑሉን በኤልኢዲ ይተካሉ። ያቺው ጥቂት ኤሌክትሪክ ግን ኤልኢዲን ደብዘዝ አድርጋ ልታበራው ትችላለች፤ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ካልተስተካከለ ጠፍቶ የማያውቅ ፓነል ይሆናል። ደግሞም አምፑል ሲጠፋ ቀስ ብሎ ነው፣ ኤልኢዲ ቅጽበታዊ ነው፤ የድሮው መልክ አይመጣም። እኔ አምፑሉን እመርጣለሁ፦ ቮልቴጁን በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንሱለት ብርሃኑ ፈዘዝ ይላል እንጂ ዕድሜው ከሦስት እጥፍ በላይ ይረዝማል።